አበልና ደመወዝ፤ የተጧሪው ድርሻ በምን ይለካል?

ሰው በወጣትነቱ ጉልበቱን፣ በጎልማሳነቱ ዕውቀቱን ለኅብረተሰቡ ሲሰጥ ኖሮ፣ ክንዱ ሲዝል ከኅብረተሰቡ የሚመለስለት ድርሻ ምን ያህል መሆን ይገባዋል? ይህ ጥያቄ አንዳንዶች እንደሚያስቡት የርኅራኄ ወይም የችሮታ ጥያቄ አይደለም። በሥራ የተገኘ ሀብት በሠሪው ትውልድና ሠርቶ ባረፈው ትውልድ መካከል እንዴት ይከፋፈል የሚል መሠረታዊ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። በመሆኑም ሠርቶ አደሩና የቀበሌ ነዋሪው በስሜት ሳይሆን በስሌት ሊያጤኑት ይገባል።

ጉዳዩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን የሶዶ ወረዳ ከተማ ቡኢን እንውሰድ። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አነስተኛ ከተሞች ሁሉ በቡኢም ሦስት ዓይነት ኑሮ ጎን ለጎን ይታያል። አንደኛው በወር ደመወዝ የሚተዳደረው መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛና የጥበቃ ሠራተኛ እንዲሁም ከእነዚህ መካከል አገልግሎቱን ጨርሶ በጡረታ አበል የሚኖረው ነው። ሁለተኛው በዕለት ጉልበቱ፣ በጉልትና በአነስተኛ ንግድ የሚያድረው ነው። ሦስተኛው በከተማዋ ዙሪያ እንሰትና እህል እያመረተ የገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚወጣው ገበሬ ነው። ሦስቱም በአንድ ገበያ ይሸምታሉ፤ ለአንድ ኪሎ ጤፍ የሚከፍሉት ዋጋም አንድ ነው። በስተርጅና ጊዜ የሚጠብቃቸው ዋስትና ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

በአገራችን የጡረታ መብት በሕግ ታውቆ ለመንግሥት ሠራተኛው የተደነገገው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ፣ ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት የተወረሱ ድርጅቶች ሠራተኞችም በዚሁ ዐቅድ ታቀፉ። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ በመንግሥት የተደራጀ የግዴታ ጡረታ አልነበረውም፤ አሠሪው ፈቅዶ ካቋቋመለት የፕሮቪደንት ፈንድ በቀር የስተርጅና ቋሚ ዋስትና ሳይኖረው ይሰናበት ነበር። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጡ። እነዚህም በ2014 ዓ.ም. በወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል።

የስሌቱ ሥርዓት ቀላል ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ይገባል። 10 ዓመት ያገለገለና 60 ዓመት የሞላው ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ጣሪያውን ለመንካት ግን 42 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል፤ ይህም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ቀን ሳይቋረጥ እስከ 60 ዓመቱ የሠራ ብቻ የሚደርስበት ነው። በ2003 ዓ.ም. መዋጮ የጀመረና ቀድሞ የሠራው ዘመን ያልተቆጠረለት የግል ድርጅት ሠራተኛ 15 ዓመት ሞልቶት ቢወጣ የሚደርሰው 36.25 በመቶ ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ልክ የሚናቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ቁጥር 102 ለ30 ዓመት መዋጮ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መለኪያ 40 በመቶ ነው። የእኛው 55 በመቶ ከዚያ ይበልጣል። ታዲያ የተጧሪው ሮሮ ከየት መጣ? መልሱ የሚገኘው “የምን 55 በመቶ?” ብለን ስንጠይቅ ነው።

አበልን በሦስት መለኪያ መለካት ይቻላል። የመጀመሪያው ሕጉ የሚጠቀምበት፣ ሠራተኛው ራሱ ያገኝ ከነበረው አማካይ ደመወዝ ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው ዛሬ በዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ከሚያገኘው ጋር ማነጻጸር ነው። ሦስተኛው በገበያ ከሚገዛው እህል ጋር ማነጻጸር ነው። ዋጋ በተረጋጋበት ጊዜ ሦስቱ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ግን ይለያያሉ፤ ልዩነቱንም የሚሸከመው ተጧሪው ነው።

ለምሳሌ ያህል ለስሌት የሚቀል ቁጥር እንውሰድ። አንድ ሠራተኛ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ሁለቱን በወር 6,000 ብር፣ የመጨረሻውን ዓመት የደመወዝ ማስተካከያ ተደርጎለት 9,000 ብር እየተከፈለው ሠራ እንበል። አማካዩ 7,000 ብር ይሆናል። 30 ዓመት ስላገለገለ 55 በመቶው ሲሰላ አበሉ 3,850 ብር ነው። ይህ ሰው ጡረታ በወጣ በማግሥቱ አበሉን ከመጨረሻ ደመወዙ ከ9,000 ብር ጋር ቢያነጻጽረው 43 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ሕጉ 55 ብሎ የሰጠውን፣ የዋጋ ንረትና የአማካዩ ስሌት ተባብረው ገና ከደጃፉ 12 ነጥብ ቀንሰውበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያው የሥራ መደብ ደመወዝ ወደ 18,000 ብር ከፍ ቢልና አበሉ ባለበት ቢቆይ፣ ድርሻው ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። ሰውየው አንድ ብር አልተቀነሰበትም፤ ሆኖም ከኅብረተሰቡ ማዕድ የነበረው ድርሻ በግማሽ ተቀንሷል።

እንዲህ ያለው የደመወዝ እድገት በምሳሌ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ ሁለት ጊዜ አስተካክሏል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚቀጠር መነሻው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ማስተካከያዎቹ የሠሪውን ኑሮ ለመደገፍ አስፈላጊ እንደነበሩ ማንም አይክድም። ነገር ግን ደመወዝ በየጊዜው ወደ ላይ ሲራመድ፣ አበል አብሮ የሚራመድበት የታሰረ ገመድ ከሌለው፣ ቀደም ብሎ ጡረታ የወጣው ሁሉ በየማስተካከያው አንድ እርከን ወደ ኋላ ይቀራል። ከላይ በምሳሌነት ያነሣነው የ3,850 ብር አበል ለሟች ባለቤት በሚተላለፍበት ጊዜ በሕጉ መሠረት 50 በመቶው፣ ማለትም 1,925 ብር ይሆናል። ይህም ከዛሬው ዝቅተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሶ እንኳ አይሞላም።

የሌላውን ዓለም ልምድ ስንመለከት ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። በብሪታንያ የመንግሥት መሠረታዊ ጡረታ ከደመወዝ እድገት ጋር ተያይዞ ይሻሻል ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. በወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር መንግሥት ጊዜ ይህ ማያያዣ ተቆርጦ ጡረታው ከዋጋ ጋር ብቻ እንዲሄድ ተደረገ። በዚያች አገር ያለው ተጧሪ የሚገዛው ዳቦ አልቀነሰበትም። ይሁን እንጂ ከአማካይ ደመወዝ ሩብ ያህል የነበረው ጡረታ ከሦስት ዓሥርት ዓመታት ባነሰ ጊዜ ወደ ስድስተኛ እጅ ገደማ ወረደ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጡረታው በዋጋ፣ በደመወዝ ወይም በ2.5 በመቶ፣ ከሦስቱ በሚበልጠው እንዲያድግ የተወሰነው ይህን ከታየ በኋላ ነው። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የአበል ትልቁ ጠላት በአንድ ቀን የሚታወጅ ቅነሳ ሳይሆን በዝምታ የሚያልፍ ዓመት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ደመወዝ ስለነበራቸው ሰዎች ነው። በቡኢ ገበያ ሸክም ተሸክማ ልጆቿን ያሳደገች እናት፣ በየግንባታው ጭቃና ድንጋይ ሲያቀብል የኖረ የዕለት ሠራተኛ፣ እንዲሁም ገበሬው፣ የመዋጮ መዝገብ ላይ ስማቸው አልሰፈረምና አበልን ከደመወዝ ጋር ማነጻጸር ለእነርሱ ባዶ ቃል ነው። ለዚህ ክፍል በአገራችን የተዘረጋው ትልቁ ዐቅድ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ፣ የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዳ ተደርጎ ሲዘረጋ የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሁለቱ በወቅቱ እኩል ነበሩና ማን የትኛውን ወሰደ የሚለው እምብዛም ልዩነት አልነበረውም።

በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ግን ፈተናው መጣ። ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢደረግም በብዙ ገበያዎች 2 ኪሎ እንኳ መግዛት ተሳነው። 3 ኪሎ እህል የሚቀበለው ጎረቤት ግን ያው 3 ኪሎውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። በዚህም ምክንያት በርካታ ተረጂዎች ገንዘቡን ትተው እህሉን መረጡ። በኋላም በ2002 ዓ.ም. ክፍያው 10 ብር ደረሰ። ይህ ታሪክ ለሁሉም ዓይነት አበል የሚሠራ ሕግ ያስተምረናል። በብር የተጻፈ ተስፋ ዋጋው በገበያ እጅ ነው፤ በእህል፣ በመጠለያ ወይም በሕክምና የተሰጠ ተስፋ ግን ገበያው በቀላሉ አይሸረሽረውም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የቀበሌ ቤት የደረሰው አረጋዊ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ኪራይ ጣሪያ ሊያገኝ የቻለው ለዚህ ነው። በእርግጥ የማይጠገን ቤት ያረጃል፤ ኪራዩ የማያሳድሰው ጣሪያም መፍሰሱ አይቀርም። ስለዚህ በዓይነት የሚሰጥ ድጋፍም ቢሆን ጠባቂና አዳሽ ይሻል።

የከተማው ድሃ የራሱ ዐቅድ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በመጀመሪያው ምዕራፍ አዲስ አበባን ጨምሮ 11 ታላላቅ ከተሞችን ብቻ ያቀፈ ሲሆን፣ እንደ ቡኢ ያሉ ትናንሽ ከተሞች ከዚያ ውጭ ነበሩ። በዚያ ዐቅድ በማኅበረሰብ ሥራ ለሚሰማራው በቀን 60 ብር ይከፈል ነበር፤ መሥራት ለማይችለው አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ደግሞ በነፍስ ወከፍ በወር 170 ብር ይሰጥ ነበር። አነጻጽረን እንየው። የማይሠራው በወር የሚያገኘው፣ በዚያው ዐቅድ የሚሠራው በሦስት ቀን ከሚያገኘው 180 ብር ያንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ክርክሮች ይነሣሉ፤ ሁለቱንም ልንሸሻቸው አይገባም።

የመጀመሪያው “አበል ከደመወዝ ከተጠጋ ሰው ሥራ ይጠላል፤ ጥገኝነት ይስፋፋል” የሚለው ነው። መሥራት ለሚችል ሰው በሚሰጥ ድጋፍ ረገድ ይህ ሐሳብ እውነትነት አለው። የማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ ከአካባቢው የቀን ሙያተኛ ክፍያ ዝቅ እንዲል የሚደረገውም ሌላ ሥራ ያለው ሰው እንዳይሻማበት ነው። ነገር ግን ይህን ምክንያት በ75 ዓመት አረጋዊት ላይ፣ ዐይኑን ባጣ ሽማኔ ላይ፣ ወይም 30 ዓመት አስተምሮ በወጣ መምህር ላይ መጥቀስ ከአእምሮ የራቀ ነው። እነርሱ የሚጠሉት ሥራ የላቸውም፤ ወይ ሠርተው ጨርሰዋል፣ ወይ መሥራት አይችሉም። ተጧሪው የሚቀበለውም የሌላ ሰው ገንዘብ አይደለም። ከየወሩ ደመወዙ የተቀነሰው 7 በመቶና በጉልበቱ ዋጋ ስም አሠሪው የከፈለው 11 በመቶ፣ በወቅቱ ሳይበላው ለነገ ያሳደረው ደመወዙ ነው።

ሁለተኛው ክርክር “ገንዘቡ ከየት ይመጣል?” የሚል ነው። ይህ የበለጠ ክብደት አለው። ከመዋጮና ከምርት በላይ አበል መጨመር፣ በሌለ እህል ላይ ብር ማብዛት ነው፤ ያም ተመልሶ ዋጋ ሆኖ ተጧሪውን ራሱን ይመታዋል። ዳሩ ግን ጥያቄው በሌላ በኩልም መነሣት አለበት። የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ ለረጅም ዓመታት ከዋጋ ንረቱ እጅግ ባነሰ ወለድ በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ይውል ነበር። የሠራተኛው ቁጠባ በዓመት 2 ብር ወልዶ የእህል ዋጋ በዓመት 15 ብር ከጨመረ፣ ፈንዱ በቁጥር አደገ ቢባልም በኩንታል ሲለካ ቀንሷል። ስለዚህ የአበል ማነስ ተጧሪው ብዙ ስለጠየቀ የመጣ አይደለም፤ ያስቀመጠው ጥሪት እንደ ጥሪት ስላልተያዘለት ጭምር የመጣ ነው። ፈንዱ በምን ላይ እንደሚውልና ምን እንዳተረፈ በየዓመቱ ለባለመዋጮው በግልጽ ሊነገር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ትንተና ተነሥተን ሦስት ነገሮችን እንላለን። አንደኛ፣ የአበል ማስተካከያ በየጊዜው በሚሰጥ ውሳኔ ብቻ ከሚጠበቅ፣ የመንግሥት ደመወዝ በተስተካከለ ቁጥር ፈንዱ በሚችለው ልክ አብሮ የሚታይበት ቋሚ ሥርዓት ቢኖረው ይበጃል። ሁለተኛ፣ ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት ዘመን የሦስት ዓመት አማካይ ሲሰላ፣ የቀደሙት ዓመታት ደመወዝ በዛሬ ዋጋ ተተምኖ ቢታሰብ 55 በመቶ የተባለው በእርግጥ ወደ 55 በመቶ ይቀርባል። ሦስተኛ፣ የድጋፉ ልክ በብር ብቻ ሳይሆን ስንት ኪሎ እህል ይገዛል በሚል መለኪያ በየዓመቱ ቢመዘን፣ የ2000 ዓ.ም. ዓይነቱ ሁኔታ ሲመጣ ድሃው ቀድሞ አይወድቅም።

ይህ ሁሉ የሕግ አውጪውና የመንግሥት ሥራ ነው ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አይገባም። የአካባቢው ሕዝብ የመደራጀትን ጥቅም ከማንም የሚማር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በራሳቸው መዋጮ መንገድ ወደ አገራቸው ያስገቡት ሌላው እስኪሠራላቸው ሳይጠብቁ ነበር። ዕድሩ ሞትን፣ ዕቁቡ የገንዘብ እጥረትን ሲመክት ኖሯል። አዲስ አበባ የከተመው ልጅም ለመስቀል ወደ አገሩ ሲገባ ለአባትና ለእናት የሚጥለው ገንዘብ፣ ስሙ ጡረታ አይባል እንጂ ጡረታ ነው። ሆኖም ዕድር የሚደርሰው ለቀብር ነው፤ በሕይወት ላለው አረጋዊ የየወሩ ቀለብ አይሆንም። ልጅ የሌለው ወይም ልጁ ራሱ የተቸገረበት ሰው ደግሞ መስቀል ቢመጣ የሚጠብቀው የለም። የዘመድ መተጋገዝ የመንግሥትን ዋስትና ያግዛል እንጂ አይተካም።

እንግዲህ የቀበሌ ነዋሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። ሠራተኛው የቅጥር ደብዳቤውን፣ የዕድሜና የጋብቻ ማስረጃውን ገና በሥራ ላይ ሳለ አሟልቶ ይያዝ። አንድ ዓመት አገልግሎት ሳይመዘገብ ቢቀር 1.25 በመቶ ዕድሜ ልክ ይጎድላል፤ የጋብቻ ማስረጃ ቢጠፋም ሚስት ከሟች ባሏ የሚደርሳትን ግማሽ፣ ልጅም የሚደርሰውን 20 በመቶ ለማግኘት ደጅ ይጠናል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ የተቀነሰው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ በእርግጥ ወደ ፈንዱ መግባቱን በማኅበሩ በኩል ይጠይቅ። የሠራተኛ ማኅበር ለደመወዝ ሲደራደር በየአበሉ ስም የሚሰጠውን ጥቅም ብቻ ሳይሆን መነሻ ደመወዙን ያስቀድም፤ ጡረታ የሚሰላው በደመወዙ ላይ ነውና፤ ዛሬ በልዩ ልዩ ክፍያ ስም የተገኘ ብር ለስተርጅና አይከተልም። ነዋሪዎችም በየሠፈራቸው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ለይተው ቢመዘግቡ፣ ድጋፍ ሲመጣ የሚሰለፈው ጉልበት ያለው ሳይሆን የሚገባው ይሆናል።

አንድን ኅብረተሰብ ከሚመሰክሩለት ነገሮች አንዱ የሠራለትን ሰው ሠርቶ በጨረሰ ማግሥት የሚይዝበት አያያዝ ነው። የዛሬ ሠራተኛ የነገ ተጧሪ ነውና፣ ዛሬ ለተጧሪው የሚቆረጠው ልክ ነገ ለራሱ የሚሠፈርበት ቁና ነው። ቁናው እንዳይጎድል መጠበቅም የሁላችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግን በላቡ የሚያድረው የሠርቶ አደሩ ድርሻ ነው።